ትርፍ አንጀት ያልኩት ደረቴን ነበር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና የፋሲካ ሰሞን ነው። ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ሌሎች ያደረጉብኝን ብቻ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በረሳሁት። መጨረሻ ላይ እኔ ያደረግሁት ነገር አለ፤ እሱን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም።

ሥራዬ ፀጉር ማስተካከል ነው። ያኔ የምሠራው ቀራንዮ፣ ታላቅ ወንድሜ መስፍን ፀጉር ቤት ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያሳደገኝም፣ ያስተማረኝም፣ ቶንዶስ ያስጨበጠኝም እሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው። የምኖረውም እሱ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር።

ችግሬ ደረቴ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ጡት አወጣሁ። ወፍራም ሆኜ አይደለም፤ ቀጭን ነኝ። ሁለቱም ግን እንደ ልጃገረድ ወጡ። “ሲጎረምስ ይጠፋል” ተባለ። ጎረመስኩ፤ አልጠፉም። እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ በግንቦት ሙቀት ጃኬት የምለብስ ሰው ነበርኩ።

ፀጉር ቤት ውስጥ ደግሞ መደበቂያ የለም። ዙሪያው መስታወት ነው። ስትሠራ ደንበኛው ላይ ጎንበስ ማለት አለብህ። አንድ ቀን ጺሙን የምላጨው ሰውዬ ፊቱን ዞር አደረገና፣ “አንተ፣ ጆሮዬ ላይ ምን አሳረፍክብኝ?” አለኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ጋሼ ነበር።

“ተዋት በናትህ፣ ጥገት እኮ ናት” አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጥገት ሆነ። “ጥገቷ፣ ፎጣ አቀብዪኝ።” “ጥገቷ ዛሬ ሳትታለብ ነው እንዴ የመጣችው?” ደንበኞቹም ለመዱት። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ካልሳቅክ ይብሳል።

ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም። ቢርበኝ ከአፉ አውጥቶ የሚያጎርሰኝ ሰው ነው። ቀልድ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። አንድ ጊዜ ብቻዬን አግኝቼው፣ “ጋሼ፣ ይሄን ስም ተወው” ብለው፣ “ወንድ ልጅ በቀልድ ይቀየማል? ሴት ሆንክ እንዴ በእውነት?” ብሎ እንደገና ሳቀ።

ስለዚህ ለማንም ሳልናገር አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሯ ወጣት ነች፤ ረጋ ያለች። ደረቴን ነካ ነካ አድርጋ አየችና፣ “እጢ ነው። ብዙ ወንድ ላይ ይወጣል፤ እናወጣዋለን” አለችኝ። እንደ ጥርስ መንቀል አቅልላ ስትነግረኝ እዚያው አልጋው ላይ እንባዬ መጣ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ረቡዕ ገባሁ። ከሰመመኑ ስነቃ ደረቴ በፋሻ ተጠቅልሎ ከሁለቱም ጎን ቀጫጭን ቱቦ ወጥቶ ነበር። በማግስቱ ቱቦዎቹን ነቅለው ፋሻውን ሲፈቱት ወደ ታች አየሁ። ጠፍጣፋ ነው። አብጦ፣ በልዞ፣ ተሰፍቶ ነበር፤ ግን ጠፍጣፋ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ዶክተሯ ደረቴን የሚያጣብቅ እጅጌ የሌለው ልብስ አልብሳኝ ሦስት ነገር አስጠነቀቀችኝ። ልብሱን ቀንም ማታም ለስድስት ሳምንት እንዳላወልቅ፤ እጄን ከትከሻዬ በላይ እንዳላነሳ፤ ሦስተኛውን ደግሞ ደግማ ነገረችኝ። “አንደኛው ወገን ብቻ ካበጠ ሰዓት አትፍጅ። ወዲያው ና።”

ለቤት ሰዎች የነገርኳቸው ሌላ ነው። ከክሊኒኩ ለጋሼ ደውዬ፣ “ድንገት ሆዴን አሞኝ ትርፍ አንጀት ነው ብለው ቀደዱኝ፤ አሁን ደህና ነኝ፤ መጣሁ” አልኩት። ግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር የጠበቀኝ። ከታክሲው ስወርድ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ “ብቻህን? ወንድም የሌለህ ይመስል ብቻህን ተቀደድክ?” አለኝ። ሊያቅፈኝ ሲል በክንዴ ከለከልኩት። ደረቴን እንዳይነካ ነበር። እሱ ሆዴን የጠበቅሁ መሰለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቲያትር ነው። ጠያቂ ሲመጣ ቀኝ ሆዴን ይዤ አቃስታለሁ። የሚያመኝ ግን ደረቴ ነበር። የጋሼ ባለቤት እትዬ ሮማን ጠዋት ጠዋት አጥሚት በፔርሙዝ ታመጣልኛለች። ጋሼ ከኋላዋ ብቅ ይልና፣ “አራሷ እንዴት አደረች?” ይላል። ምን እንደሆንኩ አያውቅም፤ ግን ልክ ቁስሉ ላይ ነበር የሚረግጠኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ግራው አበጠ።

ክፍሌን ቆልፌ ልብሱን ከፈትኩት። ቀኙ እንደነበረ ነው። ግራው ብርቱካን ያህል ሆኗል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ቀለሙ እንደ ቀይ ሥር ነው። ስነካው እንደ ኳስ ጠንካራ ነው።

ዶክተሯ ያለችው ጆሮዬ ውስጥ ነበር። መውጣት ይቻል ነበር፤ ከበር ታክሲ አለ። ልብሴን ለባብሼ በሩን ስከፍት ጋሼ ግቢ ውስጥ እግሩን ይታጠባል።

“ወዴት ነው?”

“ሐኪሙ ጋ። ቁስሉን ሊያዩልኝ።”

“ቆይ ጫማ ላድርግ። አብረን ነው የምንሄደው። ያንን ብቻህን የቀደደህን ሰውዬም ልየው” አለ።

ቆምኩ። ዶክተሯ ፊት አብሮኝ ሲቆም፣ “የጡት ቀዶ ጥገናው ነው” ስትለው፣ ከዚያ ፀጉር ቤት ውስጥ ሲያወራው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ። “ተወው ጋሼ፣ ሰኞ ነው ለካ ቀጠሮዬ” ብዬ ተመለስኩ። ሰኞም አልሄድኩም። ማክሰኞም። በክሊኒኩ ስልክ ሲደወልልኝ አላነሳሁም። አንዴ በመልእክት፣ “በጣም ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ” ብዬ ጻፍኩ።

ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ቀነሰ። እየዳነ መሰለኝ። ለካ ሥጋው እየሞተ ስለሆነ ነው ማመም ያቆመው። የግራው ጡቴ ጫፍ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ጠቆረ። ቁስል ሲድን ይጠቁራል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳም ሹር ጠዋት ጋሼ በሬን አንኳኳ። የፋሲካ ዋዜማ ፀጉር ቤት ምን እንደሚመስል የሠራ ያውቀዋል። ወረፋው ከበር ወጥቶ እስከ መንገዱ ይደርሳል።

“ተነስ እንግዲህ፣ አሥር ቀን ሆነህ። ጎረቤታችን ትርፍ አንጀቱን አውጥቶ በሳምንቱ ብሎኬት ተሸክሟል። አንተ መቀስ መያዝ ያቅትሃል?”

“እጄን ማንሳት አልችልም ጋሼ።”

“እጅህ ከአንጀትህ ጋር ምን አገናኘው?”

የራሴ ውሸት አፌን ዘጋው። በልብሱ ላይ ሸሚዝ፣ በሸሚዙ ላይ ጃኬት ደርቤ ተከተልኩት።

አራት ሰው ቆረጥኩ። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ጎንበስ ቀና እያልኩ። አምስተኛው ረጅም ሰው ነበር፤ ወንበሩ ደግሞ ዝቅ አይልም። የአናቱን ፀጉር ለማስተካከል ግራ እጄን አነሳሁ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ሲል ተሰማኝ። ሕመም አልነበረውም። ሙቅ ነገር ግን ወደ ሆዴ ወረደ።

ሰውዬው የለበሰው ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አለ። እንደ ደም ቀይ አይደለም፤ ጥቁር ቡናማ፣ ወፍራም። ሽታውም መጥፎ ነበር። ሰውዬው በመስታወቱ ውስጥ አየኝና ከወንበሩ ዘለለ።

“ምንድነው ይሄ? ምን አፈሰስክብኝ?”

ጋሼ ቶንዶሱን ጥሎ መጣ። ጃኬቴን ገፈፈው። ሸሚዜ በግራ በኩል እስከ ቀበቶዬ ርሷል። “ትርፍ አንጀትህ ደረትህ ላይ ነው እንዴ?” አለ አንዱ ከወረፋው። “ጋሼ ተው፣ ጓዳ እንግባ” አልኩት። አልሰማኝም፤ ደንግጦ ነበር መሰለኝ። ሸሚዜን በሁለት እጁ ይዞ ቀደደው። ቁልፎቹ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉ።

ያንን ጠባብ ልብስ አየ። ነጭ፣ ደረት ላይ የሚቆለፍ፣ ሁለት ማንገቻ ያለው። ከዚያ ጋሼ፣ “ጡት መያዣ ነው የለበስከው?” አለ።

የሳቁን ድምፅ ልገልጸው አልችልም። እስከ ደጅ ተሰማ። ውጭ ያሉት አንገታቸውን አስግገው፣ “ምንድነው? ምንድነው?” ይላሉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸኛል። እኔ መሐል ቆሜ ያንን ጥቁር ነገር በእጄ እገድባለሁ። በዙሪያዬ ባሉት መስታወቶች ሁሉ ራሴን አያለሁ። ጋሼ መጀመሪያ አልሳቀም ነበር። ሰዎቹ ሲስቁ አይቶ ሳቀ።

“ዝም በሉ!” የሚል ድምፅ ከጥግ መጣ። አባባ ላቀው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ። ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። በሰው መሐል እየገፉ መጡና አፍንጫቸውን ወደ ደረቴ አስጠጉ። “ይሄ የቆየ ደም ነው። ቀናት ቆይቷል። ማን ነው የቀደደህ ልጄ?”

“ክሊኒክ ነው አባባ። ጡቴን አስወጥቼ ነው” አልኩ። ያንን ቃል በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ንጹሕ ፎጣ አጥፈው ቁስሉ ላይ አስያዙኝ። “መስፍን፣ መኪና ጥራ። ወንድምህን ይዘህ ሂድ” አሉት።

ጋሼ ወረፋውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ፊቱ ተቀያይሮ ነበር። “ጡቱን ለማስቆረጥ ብቻውን እንደሄደ አሁንም ብቻውን ይሂድ። እኔ በዓል አለብኝ” ብሎ ቶንዶሱን አነሳ።

የወሰዱኝ አባባ ላቀው ናቸው። ፀጉራቸውን ሳይቆረጡ።

ያን ቀን ከሰዓት ሁለተኛ ጊዜ ተከፈትኩ። ስነቃ ዶክተሯ አጠገቤ ወንበር ላይ ነበረች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

“ውስጥ ካለ የደም ሥር ደም ፈስሶ ነው። ይሄ ያጋጥማል። በሦስተኛው ቀን ብትመጣ በቀላሉ አውጥቼው ተመልሰህ ትሄድ ነበር። ታምቆ ሲቆይ ግን ቆዳውን ተጫነው፤ ደም አጣ። የግራው ጫፍ ሞቷል፤ ከሥሩ ያለውም ሥጋ ተጎድቷል። ማዳን አልቻልኩም።”

“ዛሬ ሥራ ስለገባሁ ነው?” አልኳት።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። “አይደለም። ከሞተ ቆይቷል። እንዲያውም ዛሬ ባይፈነዳ ኖሮ ደብቀኸው ኢንፌክሽኑ ወደ ደምህ ይገባ ነበር። ሥራ መግባትህ ነው ያተረፈህ።”

ይህን ቃል በደንብ ነው የሰማሁት። ሁለት ጊዜ አስደግሜያታለሁ።

በዓሉን እዚያው ዋልኩ። ጋሼ በሦስተኛው ቀን መጣ። አልተቀመጠም፤ በሩን ተደግፎ፣ “ሚስቴን በውሸት አጥሚት አስፈላሃት። ሰፈር መሳቂያ አደረግኸኝ” አለኝ። እሱን! እሱን መሳቂያ አድርጌው! “ውጣልኝ” አልኩት። በሕይወቴ ቀና ብዬ ያናገርኩት ያን ቀን ነው። ወጣ።

ከክሊኒኩ በቀጥታ ዘነበወርቅ አካባቢ ጓደኛዬ ጋ ተጠጋሁ። ቁስሉ አራት ወር ፈጀ። ቀኙ በስድስት ሳምንት ድኖ እንደ ማንም ወንድ ደረት ሆነ፤ ጠባሳው እንኳ አይታይም። ግራው ግን በየሁለት ቀኑ ይታጠባል። ጥቁሩ ቅርፊት እየተላጠ ይወድቃል፤ ከሥሩ ቀይ ሥጋ፤ እንደገና መግል፤ እንደገና ፋሻ። የምታጥበኝ ነርስ አንድ ቀን በዝምታዬ ተሰላችታ መሰለኝ፣ “ቢያንስ አንዱ ተሳክቶልሃል” አለችኝ። ልታጽናናኝ ነበር።

አሁን ግራው ጎድጓዳ ነው። ጫፍ የለውም። በእሱ ቦታ እንደ ማስቲካ የተኮማተረ፣ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለ፤ ብርድ ሲሆን ይሳሳባል። ዶክተሯ፣ “እንደገና መሞከር ይቻላል፣ ግን እኩል ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልህም” ብላኛለች። ተውኩት። የተቀረጸው ቪዲዮ በሰፈር ስልክ ለስልክ ዞሯል። እኔ አላየሁትም፤ ያዩት ሰዎች ግን ሲያዩኝ አውቃቸዋለሁ። ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ደረቴ ላይ ነው።

ዛሬ የምሠራው ዘነበወርቅ ነው፤ ከአንድ ባለሙያ ጋር ቤት ተጋርተን። ጋሼን ከዚያ ቀን በኋላ አላየሁትም ነበር። ባለፈው ወር፣ ባልደረባዬ ምሳ ወጥቶ ብቻዬን ሳለሁ፣ በሩ ላይ ቆመ። ሸብቷል። ምንም ሳይለኝ ገብቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

“ቁረጠኝ” አለ።

ጨርቅ አለበስኩትና ጀመርኩ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑ ደረቴ ላይ ነበር። ግማሽ እንዳደረስኩ፣ “እስቲ አሳየኝ” አለኝ። አላሾፈም። ሁለት ቁልፍ ፈትቼ ከፈትኩለት። ዞሮ ረጅም ጊዜ አየው።

“ቀኙ ጥሩ ነው” አለ። “ግራው… እኔ ነኝ አይደል? ያን ቀን በግድ አስነስቼ ያሠራሁህ ነው ያበላሸው? ሮማን ሁልጊዜ እንዲህ ትለኛለች። እውነቱን ንገረኝ ወንድሜ።”

የዶክተሯ ቃል ቃል በቃል መጣልኝ። “ሥራ መግባትህ ነው ያተረፈህ።” ለመናገር አንዲት ትንፋሽ ነበር የሚፈጅብኝ። የሱን ፊት ግን በመስታወቱ ውስጥ አየሁት። እንደዚያ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

“አዎ ጋሼ” አልኩት። “አንተ ነህ። ያን ቀን ባታስነሳኝ ዛሬ እኩል ይሆን ነበር።”

አንገቱን ደፋ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ ቀሪውን ግማሽ ፀጉሩን ረጋ ብዬ ጨረስኩለት፣ አንገቱን በምላጭ አጸዳሁ፣ ጨርቁን አራገፍኩ። ሲወጣ በሩን መክፈት አቅቶት ነበር፤ እኔ ነኝ የከፈትኩለት።

እዚህ ላይ እንኳ አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በሳምንቱ እትዬ ሮማን ደወለች። “ምን ብለኸው ነው?” አለችኝ። “እህል አልቀምስ ብሏል። አንተ እስክትድን ብሎ ለመድኃኔዓለም ተስሎ ሱባዔ ሊገባ ነው። እኔ ስናገረው ተሳስቼ ይሆናል፤ ሐኪሟ ምን አለችህ?”

“እሷም እንደዚያው ነው ያለችኝ” አልኳት።

አሁን በየእሑዱ ይደውልልኛል። “ያማል ዛሬ?” ይለኛል። አያምም፤ ካቆመ ቆይቷል። ብዙ ጊዜ ስልኩን አንስቼ፣ “ጋሼ፣ አንተ አይደለህም” ልለው ቁጥሩን አወጣለሁ። ከዚያ ያ ሳቅ ይመጣብኛል። መጀመሪያ ሳይስቅ ቆይቶ፣ ሰዎቹ ሲስቁ አይቶ የሳቀው ሳቅ።

ስልኩን መልሼ አስቀምጣለሁ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።